አብሽሪ፣ እማ የሻለም

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሥርጉት፤

ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ተብሎ መጀመር አለበትና ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብትጠይቂው ግን ሌላ ያወራሻል። ማኅሌት ቆሜ ስመለስ ካሰች በር ላይ ሆና ትስቅብኛለች፤ «ለታቦቱ የቆሙትን ያህል ለሚስትዎ ቢቆሙ ኖሮ እስካሁን ገነት በገቡ» ትለኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ ምላሷ አልደነዘም።

የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። በስልክ መጮህ አልወድም፤ የሚጮኸው ሰው ሲሞትና እሳት ሲነሳ ነው። ይህን ወረቀት አድማሴ በሚኒባሱ ደሴ ይዞት ይወርድና ኢንተርኔት ካለበት ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ያንቺንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። አድማሴ፣ ይህን እያነበብህ ከሆነ እዚህ ላይ አቁም።

ከሰው ኩሽና ወጥተሽ የጥናት ቢሮ መግባትሽን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬአለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሳህን ያጠብሽበት ይበቃል። እናታችን ይህን ሳታይ መሞቷ ብቻ ቆጨኝ።

ስለ ባሕር ማዶው ጦርነት ሰው ምን ይላል ብለሻል። ምን ይበል? መንግሥታችን ገለልተኛ ነን ብሏል። እኛ ከመንግሥትም በፊት ገለልተኛ ነበርን፤ የሚዋጉት እነማን እንደሆኑ አናውቅም ነበርና። ባለፈው ሳምንት ከላላ ገበያ ወርጄ እንደ ሰማሁት አንዱን «የስንዴው አገር»፣ ሌላውን «የማዳበሪያው አገር» ይሉታል። ዘንድሮ ስንዴውም ማዳበሪያውም ዘግይቷል። የቅሬያችን ዳኛ አሕመድኑር «ተዋግተው ሲጨርሱ ከሁለቱም ጋር ነኝ» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀው። ይህን የሚያጠና ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል መባሉ ገርሞኛል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ደስ አሰኘኝ። ቅሬ ምን እንደሆነ ለአለቆችሽ እንዲህ በያቸው፦ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝንበት፣ መርዶ የሚያረዳበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። እኔ ጸሐፊው ነኝ። ሌላ ጸሐፊ ከለቅሶ የቀረውን ሰው «ቀረ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ምክንያቱን እጽፋለሁ። «ተረፈ፦ ቀረ፤ ልጁ ካገር ወጥቶ ድምፁ ስለጠፋበት የሰው ለቅሶ ማየት አልችል ብሎ» ብዬ ጽፌአለሁ። ስለ ጎረቤታችን ስለ እማ የሻለም ባል ደግሞ «ይማም፦ በሬ ፍለጋ በእግሩ ወጥቶ በሰው ትከሻ ተመለሰ፤ ልጁ ሙሐሲን ዓረብ አገር ስለሆነ አፈር አላለበሰውም» ይላል። ሰው እንዲህ ሲጻፍለት ነው ሰው የሚሆነው።

የቅሬውን መዝገብ ግልባጭ ስትጠይቂኝ ስምና የሞት ቀን ብቻ ይበቃል ብለሽ ነበር። ግልባጭ ሲጻፍ ግን ፊደል አይጣልም፤ የተማርነው እንዲያ ነው። አርባ ሁለቱንም ቅጠል፣ የየቤቱን ስልክ ቁጥር ሳይቀር፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ገልብጬልሻለሁ። ለአለቆችሽ ስታሳዪ የእኔ እጅ መሆኑን ንገሪልኝ። ጥናቱ ለማን እንደሚጠቅምና ሙሐሲንን አግኝተሽው እንደሆነም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ መሪጌታ ዘማርያም

---

ሻርጃ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017

ለጋሼ ዘማርያም፤

እንደምን ከረሙልኝ? ካሰችስ? በምላሷ አልጨከነችብዎትም? ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራው አዲስ ስለሆነ ከወንበሬ የምነሳበት ጊዜ የለኝም፤ ወንበር ማለቴን ይዩልኝ።

ግልባጩ ደርሷል። አለቃዬ አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት የቢሮው ሰው ሁሉ እየመጣ አየው። ፎቶም አነሱት። የእርስዎ እጅ መሆኑን ነግሬአቸዋለሁ።

ጥናቱ ለማን ይጠቅማል ብለው ጠይቀውኛል። ስለ ሰው ኑሮ ነው፤ ለሰው ይጠቅማል። የአለቃዬን ስም ብጽፈው ማንበቡ ያስቸግርዎታል። ሙሐሲንን አዎ፣ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሥራ ግን አላገኘም፤ ለእናቱ ግን ይህን አይንገሩ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በኛ አገር ሐዘንተኛ ሲጽናና የሚባለው ቃል ከአፌ ጠፍቶብኛል። ዘጠኝ ዓመት በዓረብኛ ስታዘዝ ኖሬ የራሴን ረሳሁት። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለውን፣ ለእናት የሚባለውን ለብቻ፣ ለአባት የሚባለውን ለብቻ አድርገው ቢጽፉልኝ።

እህትዎ ሥርጉት

---

መካነ ሰላም፣ ጥር 13 ቀን 2017

ሥርጉት፤

ሰላምታው ይቆየን።

ባለፈው ሐሙስ እማ የሻለም «መሪጌታ፣ ኑና ይህን ስሙልኝ» ብለው ላኩብኝ። ስልካቸው ጮኾ ሲያነሱት የተቀዳ ድምፅ ነው አሉኝ። ደግሞ እንደሚደውል ነግሯቸው ስለነበር ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ደወለ። አብሬ ሰማሁት።

«አብሽሪ፣ እማ የሻለም። ይማም በእግሩ ወጥቶ በሰው ትከሻ ሲመለስ፣ አንድ ልጅሽ አፈር ሳያለብሰው መቅረቱ ሆድሽን እንደበላው እናውቃለን። ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» ይላል። ቀጥሎ የማዳበሪያው አገር ሕዝብ ወዳጅሽ ነው፣ መርከብ አስቁመው ያስራቡሽ የስንዴው አገር ሰዎች ናቸው፣ ልጅሽ ሥራ ካጣ በዚህ ቁጥር ይደውል ይላል።

እማ የሻለም አለቀሱ። ከይማም ሞት ወዲህ እንዲህ ያጽናናቸው ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። እኔ ግን ቃሉን አወቅሁት፤ «በእግሩ ወጥቶ በሰው ትከሻ ተመለሰ» የሚለውን ከእኔ መዝገብ በቀር የጻፈው የለም። «አብሽሪ» የሚለውንም የእናት ማጽናኛ በኅዳር ጽፌ የላክሁልሽ እኔ ነኝ።

ተረፈም ቤት ደውሏል። የጠፋ ልጁን በስሙ ጠርቶለታል። እስካሁን ሰባት ቤት ቆጥሬአለሁ። አሕመድኑር ቅሬውን ሰብስቦ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ገበናችንን ለባዕድ ያወጣው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። የስልክ ቤቱ ልጅ ነው ያለ አለ፤ የግብርና ቢሮ ሰዎች ናቸው ያለ አለ። እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሌላውን ሲያሙ አዳመጥሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያፈርሁበት ቀን የለም።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ ስለ ሰው ኑሮ ነው እያልሽ እንዳታደናግሪኝ። ልጅ ሆነሽ ልታለቅሺ ስትይ ከመናገርሽ በፊት ትንሽ አየር ትስቢ ነበር። ያ ድምፅ «አብሽሪ» ከማለቱ በፊት እንዲያ አደረገ። አንቺ ነሽ?

ዘማርያም

---

ሻርጃ፣ የካቲት 1 ቀን 2017

ጋሼ፤

አዎ፣ እኔ ነኝ። ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ።

ምኑ ነው ያስቆጣህ? ይማም አልሞተም? ሙሐሲን አልቀረም? እማ የሻለም አላዘነችም? አንድ ቃል ውሸት ካለበት አሳየኝ። ስወጣ ሻንጣዋን አውጥታ የሰጠችኝ እሷ ናት። የማጽናናቸውን ሰዎች ዝርዝር ሲሰጡኝ ከሁሉ በፊት የእሷን መረጥኩ። ስወዳት ነው የመረጥኳት።

ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ስትጽፍልኝ አንድ ቀን «የት ታድሪያለሽ?» ብለኸኝ ታውቃለህ? የማድረው የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ ሥር ነበር። አሁን ቢሮ ገባሁ፣ ጠያቂዬ በዛ። ደግሞስ ስምና የሞት ቀን ብቻ አላልኩህም? ምክንያቱን ሁሉ ማን ጻፍ አለህ? ጽሕፈትህ እንዲደነቅልህ ብለህ የሰፈሩን ገበና በቀይ ቀለም አሸብርቀህ የላክኸው አንተ ነህ።

እኛ ብንተወውም የሚቀር ነገር አይደለም። የስንዴው አገር ሰዎች ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ቢሮ ተከራይተዋል። እንደ እኔ እንዲያነብላቸው አንድ የወሎ፣ የኩታበር ልጅ ቀጥረዋል፤ አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። አገራችን ገለልተኛ ናት፤ እኔም ሥራዬን ነው የምሠራው።

ያ የሥራ ቁጥር ወዴት እንደሚወስድ አላውቅም። የሰጡኝን ነው የማነበው። ለቅሬው ከተናገርህ ወሬው እዚህ ይደርሳል፣ እኔም ተመልሼ ማጠቢያው ክፍል እገባለሁ። ዝም በልልኝ።

ሥርጉት

---

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ሥርጉት፤

«አንተ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ለቁጣሽ ይሁን ብዬ አልፌዋለሁ። ጽሕፈትህ እንዲደነቅልህ ነው ያልሽኝ ግን እውነት ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁበትም፤ ሁዳዴ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም። የት እንደምታድሪ አለመጠየቄም እውነት ነው። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ለማወራው ግን ይቅርታ የለኝም።

ሙሐሲን ሄዷል። እናቱ ያንን ቁጥር በስልክ ሰጡት። «ያጽናኑኝ ደጋግ ሰዎች ሥራ አላቸው አሉ፣ ደውልላቸው ልጄ» አሉት። ደወለ። ጥበቃ ነው ብለው አስፈረሙት፣ የማዳበሪያው አገር ወሰዱት። መጨረሻ የደወለ ቀን «እማ፣ ልብስ ሰጡን፤ ጠመንጃም ሰጡን» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም፤ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀን ሆነው።

አላውቅም አልሽኝ። ቁጥሩን በአፍሽ እያነበብሽ ወዴት እንደሚወስድ አለመጠየቅ አላውቅም አይባልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አንቺ ጠርጥረሽ ነው ሰው ያስመነጠርሽው። የሚዋጉበትን ምክንያት እነሱም ለልጆቻቸው በቅጡ ባልነገሩበት ጦርነት፣ የወሎ ቦረናን ልጅ ምን አገባው? ገለልተኛ ነን ትያለሽ። ሬሳችንን ነው ገለልተኛ የምታደርጉት?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እማ የሻለም ያንን ድምፅ ዛሬም ይወዱታል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ያስጠሩኛል። «ይችን ልጅ የወለደች ማኅፀን ትባረክ፣ አላህ ያሰበችውን ይስጣት» ይላሉ። የሚባረከው የእኔው እናት ማኅፀን ነውና አሜን ማለት አለብኝ። ያቺ ልጅ ሥርጉት ናት ብዬ መንገር እየቻልሁ አልነገርኋቸውም፤ እስከዛሬ ባለመናገሬ እኔም ካንቺ አልሻልም።

እንግዲህ ስሚኝ። ሙሐሲን የት እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ፈልገሽ ጻፊልኝ። ቅሬው የሚሰበሰበው በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ያን ቀን ቆሜ እናገራለሁ። ግልባጩን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ያነበበችው እህቴ ናት እላለሁ። ከቅሬ ያስወጡኝ ይሆናል። ያስወጡኝ።

ዘማርያም

---

ሚያዝያ 1 ቀን 2017

ጋሼ፤

ይህን ወረቀት እንዳገኙ ሰላምታም ሳይሉ እማ የሻለም ቤት ይሂዱና ስልኩን ከእጇ ይቀበሏት። ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ሙሐሲን እስከ ትናንት ማክሰኞ ድረስ በሕይወት አለ። ቢሮው ውስጥ የወሰዷቸው ልጆች ስም ዝርዝር አለ፤ ሰው ሲወጣ ጠብቄ አየሁት። ከስሙ አጠገብ ግንባር ላይ እንዳለ ተጽፏል። ሌላ የማውቀው የለም።

ባለፈው ዓርብ ግን አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። የሙሐሲን መርዶ ነው። በስንዴው አገር ጥይት ወደቀ፣ ጀግና ነበር፣ ገዳዮቹን አትርሺ የሚል ነው። አልሞተም እኮ አልኳቸው። «ቢሞት ጊዜ እንዳናባክን ነው» አሉኝ። ለሰባቱም ቤት ተዘጋጅቷል።

አነበብኩት ጋሼ። እምቢ አላልኩም። ስጀምር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ «ይህ ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ቀጥዪ» አሉኝ። «አብሽሪ» የሚለው ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። ያለ ማጽናኛ ባዶውን መርዶ ልነግራት አልቻልኩም።

መቼ እንደሚልኩት አይነግሩኝም። ከሥራዬ ወጥቻለሁ፤ ያለሁበትን ለጊዜው አልጽፍም። ለቅሬው የሚሉትን ይበሉ። ስሜንም ይጥሩ።

እህትዎ ሥርጉት

---

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ሥርጉት፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ዓርብ ነው። መንገዱ ተዘግቶ አድማሴ ደሴ ላይ ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። መርዶሽ ግን መንገድ አላስፈለገውም። በሆሣዕና እሑድ ገብቷል።

መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ቅሬው ተማክሮ ሽማግሌ ይመርጣል። በማለዳ ይሄዳሉ። አስቀድሞ ሁለት ሴቶች ሌላ ነገር መስለው ገብተው ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ይይዟታል። ምድጃው እሳት ካለበት ይጠፋል፣ ስለት ከቤት ይወጣል። ከዚያ ነው የሚነገራት። ይህ ወግ አይደለም፤ ሰው እንዳይሞት ነው። እማ የሻለም ግን ብቻቸውን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ስልክ አነሱ። ሲወድቁ ግራ እጃቸው እሳቱ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ደርሶ እስኪያነሳቸው ድረስ ድምፅሽ ከስልኩ ውስጥ ያወራ ነበር።

ድንኳን ተከልን። ከወግዲም ከከላላም ሰው መጣ። እኔ የሕማማት ስግደቴን ትቼ ለቅሶ ላይ ተቀመጥሁ። ሙሐሲንንም በገዛ እጄ ከሙታን ጋር መዘገብሁት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፍሁም።

ዓርብ ዕለት ወረቀትሽን አንብቤ ስጨርስ ተነሳሁ። አለ ብዬ ሮጬ ልንገራቸው አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ የትኛው ማክሰኞ አልሁ። አለ ካልሽበት ማክሰኞ በኋላ መርዶው ራሱ አምስት ቀን ቆይቶ ነው የመጣው። በመካከሉ ሞቶም ይሆናል። ሁለት ጊዜ ልገድለው ነው ወይስ በከንቱ ላስነሳው ነው? እግዚአብሔር ይይልሽ አልሁ። ብዙ ሌላም ብያለሁ፤ ካሰች ጆሮዋን ያዘች።

ትናንት ቅሬው ተሰበሰበ። ቆምሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ «ጽሕፈትህ እንዲደነቅልህ» ያልሽኝን ሳልዘል አነበብሁላቸው። አሕመድኑር ተነሳ። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። «መሪጌታ፣ መዝገቡን ለሚተካህ ለኪዳን ስጥ። የሙሐሲን ነገር እስኪታወቅ ድረስ ከቅሬ ወጥተሃል» አለ። ተረፈ ከኋላ «እስከ መጨረሻው ይውጣ» ብሎ ጮኸ። መዝገቡን ሰጠሁ። እጄ ባዶ ሲሆን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ዛሬ እኔ ወይም ካሰች ብንሞት ቀባሪ የለንም። ካሰች ይህን ስነግራት አልሳቀችም።

እማ የሻለም ምንጣፉ ላይ ሆነው፣ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው፣ ሁሉንም ሰሙ። ስምሽ ሲጠራ ቀና ብለው አዩኝ። አለ የሚለውን ሲሰሙ ሴቶቹ እልል ሊሉ ነበር፤ እሳቸው በደህናው እጃቸው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ያሉትን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

«መሪጌታ፣ ልጄ ሞተ ያለችኝ እሷ ናት፤ አመንኋት። አሁን አለ የሚል ወረቀት አመጡልኝ። ወረቀት አላምንም፤ የእርስዎን ወረቀት አይቼዋለሁ። እርስዎንም አላምንም። ይች ልጅ ሻንጣዬን ይዛ ስትወጣ አልቅሼላታለሁ። ትሂድና ልጄን ትፈልግ። አግኝታ በራሷ አፍ ትንገረኝ፤ ሞቶም እንደሆነ እሷው ታርዳኝ። የተቀዳ እንዳይሆን ስጠይቃት ትመልስልኝ። እስከዚያ ከዚህ ምንጣፍ አልነሳም።»

ከትናንት ጀምሮ ከቤታቸው ሁለት ሴቶች አይጠፉም፤ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ምድጃው ጠፍቷል፤ እህል ከየቤቱ ይመጣላቸዋል። ስልኩ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከቅሬ ስለወጣሁ አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ ጮኸ። አራቱንም ጊዜ አንስተው «ሥርጉት ነሽ?» አሉ።

ዘማርያም